ስለ ማረጥና ስለ ኤስትሮጅን ማነስ

በቋንቋችን አንዲት ሴት በዕድሜ ምክንያት የወር አበባዋ ሲቆም «አረጠች» ይባላል። ቃሉ አጭር ነው፤ ነገሩም በዚሁ ቃል የተፈጸመ ይመስል ከዚያ ወዲያ ዝምታ ይከተላል። ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብና ስለ ክትባት በየጤና ጣቢያው ምክር ይሰጣል፤ ስለ ማረጥ ግን እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ፣ ብዙ ጊዜም ሕመምተኛ ለሐኪሟ ሳትናገር ትቀራለች። ሌሊት በላብ ተጠምቃ የምትነቃው ሴት ወባ የተነሣባት ይመስላታል። ልቧ በድንገት የሚመታባትና እንቅልፍ የሚነሣት ሴት ዓይነ ጥላ ነው ትላለች። ገና በ35 ዓመቷ አበባዋ የቆመባት ደግሞ፣ ፈጣሪ የወሰነው ነው ብላ ሐኪም ሳታይ ዓመታት ታሳልፋለች።

በዚህ ወር ጽሑፋችን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ዋና ነገር ነው፤ ይኸውም ማረጥ በጊዜው ሲመጣ የተፈጥሮ ሥርዓት እንጂ በሽታ አለመሆኑን፣ ያለ ጊዜው ሲመጣ ግን ሊመረመርና ሊታከም የሚገባው ሕመም መሆኑን ነው። በሁለቱም ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚጐድለው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። ስለዚህ አስቀድመን ይህ ሆርሞን ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥለንም ሲጐድል ምን እንደሚያስከትል፣ በመጨረሻም ምን ማድረግ እንደሚገባ በየተራው እንገልጻለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኤስትሮጅን ምን እንደ ሆነ

ሆርሞን የሚባለው በሰውነታችን ውስጥ ያሉ ዕጢዎች አዘጋጅተው ወደ ደም የሚለቁት፣ መጠኑ እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ ከዕጢው ርቆ ያለውን የአካል ክፍል ሥራ የሚያዝዝ ንጥረ ነገር ነው። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ ሆርሞንን እንደ ደብዳቤ፣ ደምን ደግሞ ደብዳቤውን ተሸክሞ እንደሚዞር መልእክተኛ ልንቈጥረው እንችላለን። መልእክተኛው በሁሉም ደጅ ያልፋል፤ ደብዳቤውን ተቀብሎ የሚያነበው ግን ለርሱ የሚሆን ተቀባይ ያለው ሕዋስ ብቻ ነው። ለኤስትሮጅን የሚሆን ተቀባይ ያላቸው ሕዋሳት በማኅፀንና በጡት ብቻ ሳይሆን በአጥንት፣ በአንጎል፣ በደም ሥር ግድግዳ፣ በቆዳና በሽንት መውጫ አካባቢም ይገኛሉ። ኤስትሮጅን ሲጐድል ብዙ የአካል ክፍሎች በአንድ ጊዜ የሚታወኩት ስለዚህ ነው።

ኤስትሮጅን የአንድ ቤተሰብ ስም ሲሆን፣ ከቤተሰቡ ውስጥ ዋነኞቹ ሦስት ናቸው። ኤስትራዲዮል የሚባለው በልጅ መውለጃ ዘመን የሚበዛውና ከሦስቱ ኃይለኛው ነው። ኤስትሮን የሚባለው ከማረጥ በኋላ በይበልጥ የሚገኘው ነው፤ አብዛኛውም በሰውነት ስብ ውስጥ ይዘጋጃል። ኤስትሪዮል የሚባለው ደግሞ በእርግዝና ጊዜ በእንግዴ ልጅ አማካይነት ይበዛል። ወንዶችም ቢሆኑ ያለ ኤስትሮጅን አይኖሩም፤ በእነርሱ ሰውነት ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ከፊሉ ወደ ኤስትራዲዮል ይለወጣል።

በሴት ሰውነት ይህን ሆርሞን በዋናነት የሚያዘጋጁት ከማኅፀን ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ የእንቁላል ዕጢዎች ናቸው። እነርሱም በራሳቸው ፈቃድ ብቻ አይሠሩም። ከአንጎል ሥር ፒቱይታሪ የምትባል፣ የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች፤ እርሷም ከአንጎል ትእዛዝ እየተቀበለች የእንቁላል ዕጢዎችን የሚያነቃቁ ሁለት ሆርሞኖችን ትልካለች። በዚህ ጊዜ እንቁላል የያዙት ጥቃቅን ከረጢቶች ያድጋሉ፤ ሲያድጉም ኤስትሮጅን ያመነጫሉ።

ሴት ልጅ ስትወለድ በዕጢዎቿ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ እንቁላሎች አሉ። ለአካለ መጠን ስትደርስ የሚቀሩት ከ300 ሺሕ እስከ 400 ሺሕ ያህል ናቸው። ከነዚህም በዕድሜዋ ሁሉ በስለው የሚወጡት 400 ወይም 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት ቀስ በቀስ ይከስማሉ። ጐተራው አንድ ጊዜ ተሞልቶ የተሰጠ ነው፤ አዲስ እህል አይጨመርበትም። ጐተራው ሲራቆት ከረጢቶቹ ያመነጩት የነበረው ኤስትሮጅንም አብሮ ይቀራል። ፒቱይታሪ መልስ ስታጣ ትእዛዟን ደጋግማ ታበዛለች፤ ሐኪም ደም መርምሮ የትእዛዙ ሆርሞን በዝቶ፣ ኤስትራዲዮል ግን አንሶ ሲያገኝ የእንቁላል ዕጢዎች ሥራቸውን ማቆማቸውን የሚያውቀው በዚህ ነው።

አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አንዲት ሴት በተፈጥሮ አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ያለ ሌላ ምክንያት 12 ወራት በተከታታይ ሲቀር ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት አበባዋ አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ይዘገያል፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ ማርገዝ ይቻላል። አርጫለሁ ብላ ሳትጠነቀቅ ያረገዘች ሴት ታሪክ በየሰፈሩ የሚሰማው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዕውቀቱ እንዴት እንደ ተገኘ

የእንቁላል ዕጢዎች በደም አማካይነት ሌላውን አካል እንደሚያዝዙ ያስረዳው በቪየና ከተማ ይሠራ የነበረው ኤሚል ክናወር ነው። እርሱም ከ1896 ጀምሮ የጥንቸሎችን የእንቁላል ዕጢ ከቦታው አውጥቶ በሌላ የሰውነታቸው ክፍል ቢተክለው ማኅፀናቸው ሳይሟሽሽ እንደሚቆይ አሳየ። በ1923 ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በሴንት ሉዊስ ከተማ ሆርሞኑ በእንቁላል ከረጢቶች ፈሳሽ ውስጥ መኖሩን በአይጦች ፈትነው አረጋገጡ። በ1929 ደግሞ ዶይዚ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡተናንት በጀርመን፣ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው ኤስትሮንን ከነፍሰ ጡሮች ሽንት ንጹሕ አድርገው ለይተው አወጡት።

ኤስትሮጅን ሲጐድል የሚታዩ ነገሮች

1ኛ. ስለ ሙቀትና ስለ ላብ። በአንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቈጣጠር ክፍል አለ፤ ሙቀት ትንሽ ከፍ ሲል ላብ እንዲወጣ፣ ዝቅ ሲል ብርድ ብርድ እንዲል ያደርጋል። ኤስትሮጅን ሲቀንስ በዚያ አካባቢ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ከልክ በላይ ይነቃሉ፤ ተቈጣጣሪውም በጥቂቱ የሚደነግጥ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ከደረት ተነሥቶ ወደ አንገትና ወደ ፊት የሚወጣ ድንገተኛ ሙቀት ይሰማል፤ ፊት ይቀላል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ብርድ ይከተላል። ከአራት ሴቶች ሦስቱ ያህል ይህ ነገር ይደርስባቸዋል፤ በብዙዎችም ላይ ከሰባት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይቆያል። ሌሊት የሚመጣው ላብ እንቅልፍ ስለሚነሣ፣ ቀን ድካም፣ የነገር መርሳትና ቶሎ መቈጣት ያስከትላል። ባል ወይም ልጆች የጠባይ ለውጥ ነው ብለው የሚያዝኑበት ነገር ብዙ ጊዜ የእንቅልፍ እጦት መሆኑን ማወቅ ይገባል። ሆኖም ትኩሳት፣ ሳልና መክሳት አብሮ ያለበት የሌሊት ላብ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ላብን ሁሉ በማረጥ ላይ ማሳበብ አደገኛ ነው።

2ኛ. ስለ ብልትና ስለ ሽንት መውጫ። በኤስትሮጅን ኃይል የሴት ብልት ውስጠኛ ቆዳ ወፍራምና እርጥብ ሆኖ ይኖራል፤ በውስጡም የሚጠራቀመው ግላይኮጅን የተባለ ስኳር መሰል ነገር ጠቃሚ ለሆኑ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል። እነዚህም እርጎን ከሚያኮመጥጡት ጋር ዘመዳማቾች ናቸው፤ ቦታውን ኮምጣጣ በማድረግም ጐጂ ተሐዋስያን እንዳይራቡ ይጠብቃሉ። ኤስትሮጅን ሲቀር ቆዳው ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ኮምጣጣነቱም ይቀንሳል። በዚህ የተነሣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ማሳከክ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣትና የሽንት ቧንቧ መመረዝ ይደጋገማል። ሙቀቱ በዓመታት ውስጥ ሲበርድ፣ ይህኛው ግን ካልታከመ እየባሰ የሚሄድ ነው። ሴቶች ከሁሉ ይልቅ የሚያፍሩበትም ይኸው ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ የሚታከመው ይኸው መሆኑን ልንነግራቸው እንወዳለን።

3ኛ. ስለ አጥንት። አጥንት እንደ ድንጋይ የቆመ ነገር ይመስላል እንጂ ዕለት ዕለት የሚፈርስና የሚገነባ ነው። አሮጌውን የሚያፈርሱ ሕዋሳት አሉ፤ በቦታው አዲስ የሚገነቡም አሉ። ኤስትሮጅን አፍራሾቹን የሚገታ ተቈጣጣሪ ነው። እርሱ ሲሄድ አፍራሾቹ ይበረታሉ፤ ግንበኞቹም ሊደርሱባቸው አይችሉም። በማረጥ አካባቢ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ የጀርባ አጥንት በዓመት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ሊሳሳ ይችላል። ሕመም የለውም፤ ድምፅም የለውም። አንድ ቀን በደጃፍ አዳልጧት እጇን ስትመረኰዝ አንጓዋ ሲሰበር፣ ወይም ባልዲ ስታነሣ አከርካሪዋ ሲሰነጠቅ ያን ጊዜ ይታወቃል።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን፣ በመውደቅ የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ አሮጊቶች አልጋውን ሞልተው እናይ ነበር። በዚያን ጊዜ ያሰብነው ስለ አገራችን እናቶች ነው። እኛ አንዲት እናት ቁመታቸው አጥሮ ጀርባቸው ሲጐብጥ «ዕድሜ አጐበጣቸው» እንላለን። ከፊሉ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ያጐበጣቸው አንድ በአንድ የተሰነጠቁ የአከርካሪ አጥንቶች ናቸው። በቦስተን ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ፉለር ኦልብራይት የአጥንት መሳሳትን ከማረጥ ጋር አያይዞ ያሳየው በ1940ና በ1941 ነበር፤ እንግዲህ ነገሩ ከታወቀ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

አጥንት ኤስትሮጅንን የሚፈልገው በሴት ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳ አንድ አስደናቂ ነገር በ1994 በአሜሪካ ሐኪሞች ተጽፏል። አንድ የ28 ዓመት ወንድ በተፈጥሮ የኤስትሮጅን ተቀባዩ የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤው በደሙ ውስጥ ሞልቷል፤ አንባቢው ግን የለም። ቁመቱ 204 ሴንቲሜትር ደርሶ ገና ያድግ ነበር፤ የአጥንቱም ብስለት እንደ 15 ዓመት ልጅ ያለ ነበር፤ ይህን ያህል ረዝሞም አጥንቱ የሳሳ ነበር። ከዚህ የተነሣ በወንድም ቢሆን የአጥንትን እድገት የሚያቆመውና አጥንትን የሚያጠነክረው ኤስትሮጅን መሆኑ ግልጽ ሆነ።

4ኛ. ስለ ልብና ስለ ደም ሥር። ከማረጥ በፊት ሴቶች በልብ ደም ሥር መጥበብ የሚያዙት ከወንዶች ባነሰ ቍጥር ነው። ካረጡ በኋላ ግን ጐጂው የኮሌስትሮል ዓይነት በደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ ስብም በሆድ አካባቢ ይከማቻል፤ ልዩነቱም እየጠበበ ይሄዳል። በተለይ ከ45 ዓመት በፊት ያረጡ ሴቶች በልብ በሽታ የመያዛቸው ዕድል በጊዜው ካረጡት ይበልጣል።

ያለ ጊዜው ሲመጣ

እስካሁን የገለጽነው በጊዜው ስለሚመጣው ነው። አሁን ወደ ጽሑፋችን ዋና ቁም ነገር እንመለሳለን። ከ45 ዓመት በፊት ማረጥ ቀድሞ የመጣ ይባላል፤ ከ40 ዓመት በፊት የሆነ እንደ ሆነ ግን የእንቁላል ዕጢዎች ያለ ጊዜያቸው መድከም ነው። ይህም ከመቶ ሴቶች ከአንዲት እስከ አራት በሚሆኑት ላይ ይደርሳል። በ50 ዓመቷ ያረጠች ሴት አጥንቷ በኤስትሮጅን ጥበቃ ሥር ከ35 ዓመት በላይ ቆይቷል፤ በ30 ዓመቷ የቆመባት ግን ከዚህ ጥበቃ 20 ዓመት ተነጥቃለች። ጕዳቱ የሚለካው በዚህ ነው።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ በትውልድ ነው፤ በ1938 ሄንሪ ተርነር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በገለጸው ሁኔታ የተወለዱ ሴቶች ልጆች ከሁለቱ የሴትነት ክሮሞሶሞች አንዱ ወይም ከፊሉ ይጐድላቸዋል፤ ቁመታቸው ያጥራል፣ የእንቁላል ዕጢዎቻቸውም አይሠሩም። ይህም ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚሆኑ ሴቶች ልጆች በአንዲቱ ላይ ይገኛል። በአንዳንዶች ሰውነት የራሱን ዕጢ እንደ ጠላት ቈጥሮ ያጠቃዋል። በሌሎች ዕጢዎቹ በቀዶ ሕክምና ይወጣሉ፤ ወይም ለካንሰር በሚሰጥ መድኃኒትና ጨረር ይጐዳሉ። በብዙዎች ምክንያቱ ሳይገኝ ይቀራል።

ዕጢዎቹ ደኅና ሆነው ሳለ ትእዛዙ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ምግቧ አንሶ ድካሟ የበዛ ልጃገረድ፣ በተለይም ብዙ የምትሮጥና በቂ የማትበላ ስፖርተኛ፣ አንጎሏ የማርገዣ ጊዜ አይደለም ብሎ ትእዛዙን ያቆማል። እንደዚሁም በ1937 ሃሮልድ ሺሃን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ ገለጸው፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት የፒቱይታሪ ዕጢዋ ደም አጥታ ልትሞት ትችላለች። እንዲህ ያለችው እናት ጡቷ ወተት አይሰጥም፤ የወር አበባዋ አይመለስም፤ ድካምና ብርድ ይጫናታል። ብዙ እናቶች ከጤና ተቋም ርቀው በሚወልዱበት አገር ይህ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ እንዲህ ያለችው ሴት የሚጐድላት ኤስትሮጅን ብቻ ስላልሆነና ሕይወቷም አደጋ ላይ ስለ ሆነ ወደ ሆስፒታል በፍጥነት መላክ አለባት። በጡት ማጥባት ጊዜ የወር አበባ መዘግየቱ ግን ተፈጥሯዊ ነው፤ የሳሳውም አጥንት ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ ይመለሳል።

መምህራን ሆይ! በዚህ ረገድ ከሐኪሙ አስቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ የእናንተ ዓይን ነው። አንዲት ተማሪ 13 ዓመት ሞልቷት የጡት ምልክት ያልታየባት፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ያላየች፣ ወይም አይታ ከሦስት ወር በላይ የቀረባት እንደ ሆነ፣ በክፍል ፊት ሳይሆን በስውር፣ በሴት መምህርት አፍ ለእናቷ ወይም ለአሳዳጊዋ ይነገር። የቀረው እርግዝና ነው ብሎ አስቀድሞ ልጅቱን መወንጀል እጅግ የሚያሳዝን ስሕተት ነው፤ መመርመር ያለበት በጤና ጣቢያ እንጂ በሐሜት አይደለም። የእንቁላል ዕጢዋ የማይሠራ ልጅ በጊዜው ኤስትሮጅን ብታገኝ እንደ እኩዮቿ ታድጋለች፤ አጥንቷም ይጠነክራል። የአጥንት ጥንካሬ ከፍተኛ ደረጃ የሚደርሰው እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፣ በልጅነት የባከነው ጊዜ በኋላ በቀላሉ አይተካም።

ስለ መድኃኒቱ ጥቅምና ጕዳት

የጐደለውን ሆርሞን በመድኃኒት መተካት ይቻላል። የመድኃኒቱ ታሪክ ግን ከልክ ያለፈ ተስፋና ከልክ ያለፈ ፍርሃት የተፈራረቁበት ነው። ከእርጉዝ ባዝራዎች ሽንት የሚዘጋጀው ፕሪማሪን የሚባለው መድኃኒት በአሜሪካ በ1942 ተፈቀደ። በ1966 ሮበርት ዊልሰን የተባለ ሐኪም ማረጥን እንደ በሽታ ቈጥሮ ሴት ሁሉ በዚህ መድኃኒት ወጣትነቷን ትጠብቃለች የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። በ1975 ግን ኤስትሮጅንን ብቻውን የሚወስዱ ሴቶች በማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር እንደሚያዙ ታወቀ። ምክንያቱም ኤስትሮጅን ሽፋኑን ያሳድጋል፤ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው ሆርሞን ካልገታው እድገቱ ልክ ያጣል። ከዚያ ወዲህ ማኅፀን ላላት ሴት ሁለቱ በአንድነት እንዲሰጡ ሆነ።

በ2002 በአሜሪካ ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 16,608 ሴቶች የተካፈሉበት ታላቅ ጥናት ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ሁለቱን ሆርሞኖች ከሚወስዱ 10,000 ሴቶች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ካልወሰዱት ይልቅ በልብ ሕመም 7፣ በአንጎል የደም ሥር ሕመም 8፣ በሳንባ የደም መርጋት 8፣ በጡት ካንሰር 8 ብልጫ ታየ፤ በሌላ በኩል የዳሌ ስብራት በ5፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር በ6 አነሰ። ይህ ወሬ በዓለም ሲሰማ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ሴቶች መድኃኒታቸውን ጣሉ።

ዳሩ ግን ነገሩ በዝርዝር ሲመረመር፣ በጥናቱ የተካፈሉት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት እንደ ነበረ፣ አብዛኞቹም ካረጡ ብዙ ዓመት እንደ ሆናቸው ታየ። ዛሬ የሚታመነው እንዲህ ነው፤ ከ60 ዓመት በታች ሆና፣ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ሳይሞላት፣ ሙቀቱና ላቡ ኑሮዋን ያወካት ጤነኛ ሴት ከመድኃኒቱ የምታገኘው ጥቅም ከጕዳቱ ይበልጣል። ዕድሜዋ ገፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትጀምር፣ ወይም ልብን ለመጠበቅ ብቻ ለምትፈልግ ግን አይመከርም። በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ወይም በሚቀባ መልክ የሚሰጠው ከሚዋጠው ይልቅ ደም የማርጋት አደጋው ያነሰ ነው። በብልት ውስጥ የሚደረገው አነስተኛ መጠን ያለው ቅባት ወይም ክኒን ደግሞ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ለድርቀትና ለሚደጋገም የሽንት መመረዝ መልካም መድኃኒት ነው። ሆርሞን መውሰድ ለማይችሉ ሴቶች ሙቀቱን የሚያበርድ፣ በአንጎል የነርቭ ሕዋሳት ላይ የሚሠራ ፌዞሊኔታንት የተባለ መድኃኒት በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ይህም የጉበት ክትትል የሚያስፈልገው ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ የ2002ቱ ፍርሃት ያለ ጊዜያቸው ያረጡትን ወጣት ሴቶች የሚመለከት አለመሆኑ ነው። በ50ዎቹ ላለች ሴት መድኃኒቱ ምርጫ ነው፤ በ30 ዓመቷ ለቆመባት ሴት ግን የተነጠቀችውን መመለስ ነው፤ የሚከለክል ነገር ከሌለባት በቀር በተፈጥሮ እስከምታርጥበት ዕድሜ፣ ማለት እስከ 50 ዓመት ገደማ፣ እንድትወስደው ሐኪሞች ይመክራሉ። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ደም የረጋባት፣ በአንጎል ወይም በልብ የደም ሥር ሕመም የተያዘች፣ ጉበቷ የታመመ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳት ሴት ግን ያለ ሐኪም ምርመራ ፈጽሞ መጀመር የለባትም። ከጐረቤት መዋስም ሆነ ከገበያ የማይታወቅ ሥር ገዝቶ መጠጣት አደጋ እንጂ ሕክምና አይደለም።

እያንዳንዱ በቤቱ ሊያደርገው የሚገባ

1ኛ. ካልሲየም ያለበት ምግብ ይዘወተር። ወተት፣ እርጎና ዓይብ የታወቁ ናቸው። በጾም ወራት ደግሞ የሐበሻ ጎመንና ሰሊጥ ይተኩታል፤ ከእህል ጤፍና ዳጉሳ ከስንዴና ከበቆሎ የበለጠ ካልሲየም አላቸው። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ለሥጋ አካል የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ስለሚሰጡ ከገበታ አይታጡ።

2ኛ. ከቤት ወጥቶ የፀሐይ ብርሃን ማግኘት ይገባል፤ ካልሲየም ወደ አጥንት እንዲገባ የሚረዳው ቫይታሚን ዲ በቆዳችን ውስጥ የሚዘጋጀው በፀሐይ ኃይል ነውና። ብዙ ጊዜያቸውን በቤት ውስጥ የሚያሳልፉ እናቶች ይህን ልብ ይበሉ።

3ኛ. በእግር መሄድና ሰውነትን የሚያሠራ ሥራ አጥንትን ያጠነክራል፤ መውደቅንም ይከላከላል። ነገር ግን ያረጡ እናቶች ከባድ ሸክም በጀርባቸው እንዲሸከሙ መተው ለአከርካሪያቸው አደጋ ነው። ወጣቶች ሸክሙን ይቀበሏቸው።

4ኛ. ትምባሆ የሚያጨሱ ሴቶች ከማያጨሱት ቀድመው ያርጣሉ፤ አጥንታቸውም ይሳሳል። ትምባሆን መተው፣ መጠጥንም መቀነስ ይገባል።

5ኛ. ካረጠች አንድ ዓመት ካለፋት በኋላ ጥቂትም ቢሆን ደም ያየች ሴት «አበባዬ ተመለሰ» ብላ ደስ አይበላት፤ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ትሂድ። እንዲህ ያለው ደም በብዙዎች ከብልት ቆዳ መሳሳት የሚመጣ ቢሆንም፣ ከአሥር ሴቶች በአንዲቱ ገደማ የማኅፀን ሽፋን ካንሰር ይገኝባታል፤ የማኅፀን በር ካንሰርም በዚሁ ምልክት ይታወቃል። በጊዜው ከተደረሰበት ይድናል።

6ኛ. ከ45 ዓመት በታች ሆና እርግዝናም ጡት ማጥባትም ሳይኖር የወር አበባዋ ከሦስት ወር በላይ የቀረባት ሴት ትመርመር።

ለማጠቃለል ያህል፣ ያረጠች ሴት የጐደለባት አንድ ሆርሞን እንጂ ክብሯ ወይም ጥቅሟ አይደለም። በዛሬው ዘመን ብዙ ሴቶች ካረጡ በኋላ ሌላ 20ና 30 ዓመት ይኖራሉ፤ ቤተሰብን፣ ጉባኤንና ሰፈርን የሚያቆሙትም በዚህ ዕድሜ ያሉ እናቶች ናቸው። እነዚያን ዓመታት ቀጥ ብለው በእግራቸው ቆመው እንዲያሳልፏቸው ማድረግ የሚቻለው አስቀድሞ በማወቅና በመናገር ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ማንበብ ለማይችሉት እናቱ፣ አክስቱ ወይም ጐረቤቱ እንዲያነብላቸው፣ መምህራንም ለወላጆች እንዲያስረዱ በትሕትና እናሳስባለን።